የፌሪ ግብዣ በድሬዳዋ ግቢ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት መልሶች ከ13 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች በግቢ ውስጥ የፌሪ ግብዣ ማሰናዳት ለሚፈልጉ እናቶች፣ አክስቶችና ታላላቅ እህቶች ናቸው። መጠኑ ለ15 እንግዳ ተሰልቷል። ሰዓቱ በኛው አቆጣጠር ነው።

ልጆቹ እኮ ትልልቅ ናቸው፤ "የሕፃን ነገር ነው" ብለው አያፍሩም?

የሚያፍሩት በሮዝ ፕላስቲክ ነው። ፌሪ በአውሮፓ ተረት ውስጥ በጫካና በአበባ መሃል የምትኖር ፍጡር ናት፤ ክንፏ ራሱ ኋላ ላይ፣ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በሠዓሊዎችና በቲያትር ሰዎች የተለመደ ነው። ከዚህ ሁሉ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሚሆነው ጥላው፣ አበባው፣ ክንፉና ሲመሽ የሚበሩት ትናንሽ መብራቶች ናቸው። የካርቱን ሥዕል ያለበት ሳህንና የሚያብለጨልጭ ዘንግ ለታናናሾቹ ይቆይ።

ቀለሙን ሁለት ብቻ አድርጉት። ድሬ ላይ ቡጋንቪላ ያልወጣበት አጥር ማግኘት ስለሚከብድ የሱን ወይን ጠጅ ከነጭ ጋር ማጣመር ወጪም ይቀንሳል። ሙዚቃውን ለራሳቸው ተዉላቸው። አጫዋች ቀጥሮ በማይክ "አሁን ሁላችሁም ተነሡ!" ማስባል ግብዣውን ይገድለዋል፤ በዚህ ዕድሜ እጃቸው ሥራ፣ አፋቸው ወሬ ሲይዝ ነው የሚደሰቱት።

ዘመድ "ይሄ የጂኒ ጨዋታ ነው" ቢልስ?

አትከራከሩ። ጥሪው ላይ "የአበባና የመብራት ምሽት" ብላችሁ ጻፉ፤ ድግምት፣ ጥንቆላና የወደፊት ዕድል መናገር የሚመስል ጨዋታ ካለም አውጡት። የሚቀረው ክንፍ፣ የአበባ ጉንጉንና ጣፋጭ ነው፤ ይሄ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት ማንንም አያስቆጣም።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከኅዳር እስከ ጥር። ቀኑ ለዘብ ይላል፣ ምሽቱ ደስ ይላል፣ ዝናቡም እምብዛም ነው። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ዛፍ ቀይ አበባውን ለብሶ ግቢው ሲያምር ያየ ሰው ይፈተናል፤ ግን በ35 ዲግሪ ሙቀት ክንፍ ታጥቆ መቀመጥ ቅጣት ነው። መጋቢትና ሚያዝያ፣ ቀጥሎም ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ ዝናብ ይጠበቃል።

ቀን ስትቆርጡ ጾሙንና በዓሉን አብራችሁ ተመልከቱ። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ስለሆነ በዚያ መሃል ከሆነ ማዕዱን በሙሉ የጾም አድርጉት፣ አለዚያ ወደ ጥር አሻግሩት። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ነው፤ ከቀናት በፊት ጀምሮ ከተማው በመንገደኛ ይጨናነቃል፣ መኪናም ማግኘት ጭንቅ ነው። ረመዳን ላይ ከወደቀ ከኢድ በኋላ ይሁን። ከሳምንቱ ቅዳሜ ይመረጣል፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ እሑድ ማታ ደግሞ በማግስቱ ትምህርት አለ።

አንዳንዶች ለፎቶው ሲሉ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ማድረግ ያምራቸዋል። አይሆንም። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከተራራው ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣውን ድሬ አትረሳውም።

በስንት ሰዓት እንጀምር?

ከፀሐይ መግቢያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። በኅዳር ፀሐይ የምትጠልቀው ለ12 ሰዓት ሩብ ገደማ ሲቀረው ነው፤ በጥር መጨረሻ ግን 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ይሆናል። ከጠለቀች በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጨልማል። የግብዣው ውበት ያለው በዚያች ግማሽ ሰዓት ነውና ሌላው ሁሉ ለሷ ማድመቂያ ይሁን።

ለኅዳር እንዲህ ይሠራል፦ እንግዳ በ9 ሰዓት ተኩል ይገባል፤ እስከ 10 ሰዓት ተኩል ክንፍና ጉንጉን ይሠራል፤ ከዚያ ይበላል፤ ከ11 እስከ 11 ተኩል ፎቶ ይነሣል። ፀሐይ ስትገባ ለመግሪብ ሰላት ሙዚቃው ይጠፋል፤ የሚሰግዱት ንጹሕ ምንጣፍና የውዱእ ውሃ ያለበት ክፍል አስቀድሞ ይዘጋጅላቸው። 20 ደቂቃ ይበቃል። ሲመለሱ መብራቱ በርቶ ይጠብቃቸው። መዝጊያው 1 ሰዓት ተኩል።

ብዙ ቤት የሚበላሸው 8 ሰዓት ላይ ሲጀመር ነው። ያን ጊዜ ሲሚንቶው ገና እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ ሜካፑ ይወርዳል፣ መብራቱ የሚበራበት ሰዓት ሲደርስ ልጆቹ ደክመው ስልካቸው ላይ ተደፍተዋል።

ግቢያችን ሣር የለውም፤ ሲሚንቶ ነው።

ከከዚራ ሰፈር ትልልቅ ዛፎች ርቆ ለሚኖር አብዛኛው ቤት ይሄው ነው። መሬቱን በ8 ሰዓት ተኩል ውሃ ርጩበት፤ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ገመድ የሚዘረጋው ከደረቀ በኋላ ነው። ከዚያ ሰሌንና ምንጣፍ፣ ዙሪያውን ቄጤማ። ቄጤማ ከየትኛውም የተገዛ ጌጥ የበለጠ ጫካ ያስመስላል፣ ሽታውም ሌላ ነው፤ ነገር ግን በድሬ ሙቀት ቶሎ ይጠወልጋል። እስከ 9 ሰዓት በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ጥላ ውስጥ አቆዩት፣ እንግዳ ሊገባ ሲል ጎዝጉዙት። ልጆቹ ጫማ የሚያወልቁ ከሆነ በውስጡ እሾህ እንዳይኖር በእጅ ፈትሹ።

ለጥላ፣ ከአንድ ከፍ ካለ ቦታ (የበረንዳ ብረት ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ) ነጭ የቬሎ ቱል ወደ አራት አቅጣጫ ዘርጉ። 1 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው 12 ሜትር ጨርቅ አራት ባለ 3 ሜትር ክንፍ ያወጣል። ቱል ራሱ ፀሐይ አያግድም፤ ጥላ የሌለው ግቢ ከበላዩ ሸራ ያስፈልገዋል። በፕላስተር አትለጥፉት፦ አቧራና ሙቀት ሲገናኙ ሙጫው ይለቃል፤ ቋጥሩት። ፊኛም ፀሐይ ላይ አይቆይም፤ ውስጡ ያለው አየር ስለሚሰፋ ይፈነዳል። በሙሉ ሳትነፉ ጥላ ውስጥ ስቀሉት።

የትኛው መብራት? መብራት ቢጠፋስ?

ቀጭን ሽቦ ላይ የተደረደሩት ባለ ዩኤስቢ ትናንሽ መብራቶች ናቸው የሚሻሉት። ባለ 10 ሜትሩ አራት ለአንድ መካከለኛ ግቢ ይበቃል፤ ታይዋን ገበያ ስትገዙ እያንዳንዱን አስበርታችሁ፣ ሽቦውን ከመሰኪያው አጠገብ ነቅነቅ አድርጋችሁ እዩ። የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ነው።

በፓወር ባንክ ስለሚሠሩ መብራት መጥፋቱ ግብዣውን አያቆመውም። ባለ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ 3 ዋት ገደማ የሚበላ አንድ ገመድ ምሽቱን ሙሉ ያበራል። አንድ ወጥመድ አለ፦ አንዳንድ ፓወር ባንክ የሚሳበው ኃይል ሲያንስበት "የተሰካ ነገር የለም" ብሎ ራሱን ያጠፋል። መፍትሔው ሁለት ገመድ አንድ ላይ መሰካት ነው። በዋዜማው ለአንድ ሰዓት አብርታችሁ ሞክሩት።

ሻማ አይኑር። ቱል፣ ስቶኪንግ፣ አርቲፊሻል ፀጉርና የናይለን ሻርፕ ባለበት ግቢ አንድ ሻማ ብዙ ነው። የቡናውና የዕጣኑ ከሰልም ክንፍ ለብሰው ከሚተላለፉበት መንገድ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። በጨለማ የሚያበሩትን የፕላስቲክ ዘንጎች ቆርጦ ፈሳሹን ጠርሙስ ውስጥ የማፍሰስ ነገር በቪዲዮ ይታያል፤ ፈሳሹ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፣ ውስጡም የተሰበረ ብርጭቆ አለው። ጠርሙስ ውስጥ የመብራት ገመዱን ጠቅልሎ መክተት ያንኑ ያስመስላል።

ክንፉ እንዴት ይሠራል?

ለአንድ ጥንድ የሚያስፈልገው፦ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ፣ 110 ሳ.ሜ. ሁለት ለላይኛው ክንፍ፣ 80 ሳ.ሜ. ሁለት ለታችኛው፤ ሁለት ስቶኪንግ (አራት እግር)፤ 75 ሳ.ሜ. የሆነ ጠፍጣፋ ላስቲክ ሁለት፤ ናስትሮ። ለ15 ጥንድ 60 ሜትር ሽቦ ግዙ።

ሽቦውን በፒንሳ አጥፋችሁ የእንባ ቅርጽ ስጡት፤ በሁለቱም ጫፍ 8 ሳ.ሜ. ተርፎ ይቅር። በእያንዳንዱ ላይ አንድ የስቶኪንግ እግር አጥልቁና ከጫፉ ጀምሮ ወደ ታች ወጥሩ፣ መጨረሻውን ቋጥሩ። ጣት ጋ ያለው ወፍራም ስፌት የክንፉ ጫፍ ላይ ይዋል። ከዚያ የአራቱን ጭራ መሃል ላይ አንድ ላይ ጠምዝዙ፣ የሽቦውን ጫፎች ወደ ውስጥ ቀልብሱ፣ በናስትሮ ደጋግማችሁ ጠቅልሉ፣ በላዩ ትንሽ ጨርቅ ስፉ። ጀርባ የሚወጋው ሳይቀለበስ የቀረ ጫፍ ነው፤ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱን በመዳፍ ዳስሱት። ላስቲኩ በየትከሻው አንድ አንድ ቀለበት ሆኖ ይሰፋል። 60 ሳ.ሜ. ከሆነ ብብት ይቆርጣል።

የሽቦውን ሥራ በዋዜማው ጨርሱት፤ ለልጆቹ የሚተወው ማጥለቅ፣ መቀባትና ማስጌጥ ነው። ትኩስ ሙጫ ናይለኑን ይበሳዋል፣ ስለዚህ ተራ የጨርቅ ሙጫ። ለጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጠው ብልጭልጭ ዱቄት ፊት ላይ አይነካ፤ ቅንጣቱ ዓይን ይቧጭራል። ፊት ላይ የሚደረገው ለመዋቢያ ተብሎ የተሠራው ብቻ ነው።

ሌላው የሚረሳ ነገር መቀመጫ ነው። መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ክንፍ ለብሶ መቀመጥ አይቻልም። በርጩማና ትራስ ደርድሩ።

ለአበባ ጉንጉን የትኛው አበባ ይሁን? ሂጃብ ላይስ?

ቡጋንቪላ። ጠዋት በማለዳ ቆርጣችሁ፣ እሾሁን ገፍፋችሁ፣ ግንዱን ሁለት ሰዓት ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት። ሪሃን መሃል መሃሉ ላይ ይግባበት፣ ሽታው ምሽቱን ሙሉ ይቆያል። ለአንድ ጉንጉን ከ12 እስከ 15 ትናንሽ እቅፍ ይበቃል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እየተደራረቡ፣ ያለፈውን ግንድ ቀጣዩ አበባ እየሸፈነ በቀጭን ሽቦ ይታሰራል። ሽቦውን ክብ አድርጋችሁ አትዝጉት፤ 50 ሳ.ሜ. ላይ አቁሙና በሁለቱም ጫፍ 30 ሳ.ሜ. ሪባን እሰሩበት። ከኋላ ስለሚቋጠር በሹሩባም በሂጃብም ላይ ይሆናል። ሂጃብ ላይ ከሆነ ከውስጥ በኩል ሽቦው ጨርቅ ይልበስ፣ አለዚያ ሻርፑን ይስበዋል።

አሁን የማይነካው። የአጥሩ ቅንጭብ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፣ እይታም ሊጎዳ ይችላል። ለቅርንጫፉ ቅርጽ ብሎ የሚቆርጠው ሰው አይጠፋምና ልጆቹን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ከነካ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ቀጥሎም ጤና ተቋም መሄድ ነው። ኦሊያንደር፣ ሮዙም ቢጫውም፣ ከአበባው እስከ ግንዱ መርዝ ነው፤ ኬክ ላይ፣ መጠጥ ውስጥ ወይም የምግብ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ። የወፍ ቆሎ ፍሬም አይበላም። ከአበባ ሱቅ የሚገዛ ጽጌረዳ ደግሞ ፀረ ተባይ ስለሚረጭ ለጌጥ እንጂ ለአፍ አይደለም።

ቢንቢውን ምን እናድርገው?

ይሄ በድሬ ቀልድ አይደለም፦ ከወባ ሌላ ዴንጊና ቺኩንጉንያ በወረርሽኝ መልክ ታይተዋል፣ የ2011 ዓ.ም. ክረምትን የሚያስታውስ ብዙ ነው። ዴንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ቢንቢ በቀን ትናከሳለች፣ በተለይ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፤ ማለትም ልክ ግብዣው በሚደምቅበት ሰዓት። የምትራባውም በንጹሕ የተጠራቀመ ውሃ ነው።

ስለዚህ ከሳምንት በፊት በርሜልና ሮቶ ይከደን፣ የአበባ ማስቀመጫ ሥር ያለው ሳህን ይደፋ፣ ውሃ የቋጠረ ጎማና ጣሳ ይወገድ። ከእንቁላል እስከ በራሪ የሚወስድባት ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ያህል ስለሆነ የዋዜማ ጽዳት ብቻውን አይረዳም። "የፌሪ ኩሬ" ተብሎ አበባ የሚንሳፈፍበት ጎድጓዳ ሳህን ካስቀመጣችሁ በዚያው ማታ ድፉት። ጥሪው ላይ ረጅም ቀሚስና ካልሲ እንዲለብሱ ጠቁሙ፤ የቢንቢ ቅባት በር ላይ ይቀመጥ። ሁለት ቬንትሌተር ወደ እግር ዝቅ ብሎ ቢነፍስ ከብዙ ነገር ይሻላል፤ ቢንቢ ነፋስ ውስጥ በደንብ መብረር አትችልም።

ምን እናብላቸው?

ሥጋውን ተዉት። የሙስሊምና የክርስቲያን እርድ ለየብቻ ከማሰናዳት፣ ጾመኛን ከመቁጠር፣ በሙቀት እንዳይበላሽ ከመጨነቅ አንድ ማዕድ ለሁሉም ይሻላል። የምስር ሳምቡሳ ለአንድ ሰው ሦስት፣ ትርፉን ጨምሮ 50፤ ባጂያ፤ ከሐረር ሐላዋ ግማሽ ኪሎ በትንንሹ ተቆርጦ፤ ሙሸበክ፤ ቴምር፤ 4 ኪሎ ያህል ማንጎ፣ ፓፓያና ዘይቱን በእንጨት ላይ ተሰክቶ። ሁሉም በጣት የሚነሣ፣ አንድ ወይም ሁለት ጉርሻ የሚሆን ይሁን።

ኬኩን የጾም ማድረግ ቀላል ነው። 3 ኩባያ ዱቄት፣ 2 ኩባያ ስኳር፣ 6 የሾርባ ማንኪያ ካካዋ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ቀላቅሉ፤ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ዘይት፣ 2 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃና 2 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ጨምሩ፤ ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ አማስሉት። ኮምጣጤው ሶዳውን ሲያገኝ የሚፈጠረው አረፋ ነው ኬኩን የሚያነሣው፤ አሥር ደቂቃ ካቆያችሁት አረፋው ያልቅና ኬኩ ድንጋይ ይሆናል። ምድጃው አስቀድሞ 180 ዲግሪ ይሙቅ። 33 በ23 ሳ.ሜ. በሆነ ቅርጽ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይበቃዋል፤ 15 ሰው ያዳርሳል። በላዩ ክሬም አታድርጉ፣ በድሬ ከሰዓት ይፈሳል። የተፈጨ ስኳር በሎሚ ጭማቂ ወፈር አድርጎ በጥብጦ ማፍሰስ ደርቆ ይቀመጣል።

አውስትራሊያኖች "የፌሪ ዳቦ" የሚሉት ቅቤ ተቀብቶ ባለቀለም የስኳር ፍሬ የተነሰነሰበት ነጭ ዳቦ ነው። ርካሽ ነው፣ ያምራል። ሊቀርብ 15 ደቂቃ ሲቀረው ካልተሠራ ግን ቀለሙ ቅልጥ ብሎ ዳቦውን ያዥጎረጉረዋል።

መጠጡስ?

ውሃ በነፍስ ወከፍ 1 ሊትር አስቡ። ለስላሳ ከሚደረደር ከርከዴ ይሻላል፦ 100 ግራም የደረቀ ከርከዴ በ4 ሊትር የፈላ ውሃ 15 ደቂቃ ተዘፍዝፎ፣ ተጠሎ፣ 400 ግራም ስኳር ገብቶበት በዋዜማው ይቀዝቅዝ። ሁለተኛው ሁመር (የሮቃ ጭማቂ) ይሁን። በረዶው ውስጥ የናና ቅጠል አስገብታችሁ አስረጉት፤ ውሃው የሚጠጣ ውሃ መሆን አለበት፣ በረዶ ጀርም አይገድልም። ከርከዴ ነጭ ቀሚስ ላይ ከፈሰሰ ማስለቀቅ ከባድ ነውና ወደ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ይቀዳ።

ለመዝናኛ፣ በአንድ የማይጠጣ ብርጭቆ ከርከዴ ላይ ትንሽ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ብትጨምሩ ቀዩ ወደ ሐምራዊ፣ ሲበዛም ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይዞራል፤ ሎሚ ሲጨመር ይመለሳል። የኬሚስትሪ አስተማሪ ልጅ ካለች እሷ ታስረዳ።

ፎቶና ቲክቶክ?

ጥሪው ላይ አስቀድማችሁ ጻፉት፦ የሌላ ልጅ ፊት ያለበት ነገር ያለፈቃዷ አይለጠፍም። የልጃቸው ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ እንዲወጣ የማይፈልጉ ቤተሰቦች አሉ፣ ቅያሜው ከግብዣው በላይ ይቆያል። የፎቶ ጥጉን ፊታቸው ወደ ምዕራብ እንዲሆን አድርጉ። መብራቱ ሲበራ ብልጭ ድርግም የሚለውን ትታችሁ ቋሚውን ምረጡ፤ ስልክ ሲቀርጽ ያርገበግበዋል።

ስንት ልጅ? ስንት አዋቂ?

ከ12 እስከ 16 ልጅ ልኩ ነው። ለስምንት ልጅ አንድ አዋቂ፣ ግን በረንዳ ላይ፤ መሃላቸው ገብቶ የሚቀመጥ አዋቂ ወሬያቸውን ይዘጋዋል። ታናናሽ ወንድሞች ለዚያ ከሰዓት አያት ቤት ቢሄዱ ለሁሉም ሰላም ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳሙና፣ ውሃ ቢቋረጥ የሚሆን ሙሉ ጀሪካን፣ ሞዴስና ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ ይኑር። ሞዴሱ ሳይጠየቅ በሚታይ ቦታ ይቀመጥ።

ማን ከማን ጋር እንደምትመለስ ከመምጣታቸው በፊት ከወላጆች ጋር ተነጋገሩ። በ1 ሰዓት ተኩል በር ላይ ባጃጅ መፈለግ አይሆንም፤ በየሰፈሩ፣ ለሳቢያን፣ ለገንደ ቆሬ፣ ለመጋላ፣ ሦስት ሦስቱን አቀናጅታችሁ የምታውቁትን ባጃጅ ያዙ።

ሐረር ላይ ብናደርገውስ?

ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ሙቀቱ አያስጨንቅም፤ ቡጋንቪላውም ጉንጉን ላይ ቶሎ አይጠወልግም፣ 9 ሰዓትም ሳይደርስ መጀመር ይቻላል። በምትኩ ምሽቱ ይበርዳል፦ ለየሰው ጋቢ ወይም ሻል፣ ከከርከዴው ጋር ደግሞ ትኩስ ሻይ። የሐረር ጅብ ቱሪስት የሚያየው ብቻ አይደለም፣ ሲመሽ መንገድ ላይ ይዘዋወራል፤ ልጆቹ ከግቢ በር ቀጥታ መኪና ላይ ይሳፈሩ።

ክንፎቹን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ ይቻላል?

ይቻላል፤ ካልታጠፉ። ሽቦው ሁለት ሦስቴ ከታጠፈ እዚያው ላይ ይሰበራል። ምስማር ላይ ስቀሏቸው፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ፤ ስቶኪንግ በፀሐይ ይደርቅና በጣት ሲነካ ይተረተራል። ላስቲኩን ግን በየግብዣው ቀይሩት።